ባሕር ኃይል የሚቆመው በየብስ ነው

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ቀይ ባሕር የማይነሳበት ጨዋታ የለም። ታክሲ ውስጥ ይነሳል፣ ማኪያቶ ላይ ይነሳል፣ ቴሌግራም ላይማ ሌሊቱን ሙሉ ሲነሳ ያድራል። አንዱ «ወደባችን!» ይላል፣ ሌላው «ደግሞ ጦርነት ሊያመጡብን ነው» ይላል፣ ሦስተኛው ከኢንተርኔት ያወረደውን የሰው አገር የጦር መርከብ ባንዲራችንን ቀብቶ ይለጥፋል። እኛ እንግዲህ ባሕር የሌለው ካርታ እያየን ያደግን ልጆች ነን። መምህሮቻችን ሰሌዳ ላይ ይስሏት የነበረችው ኢትዮጵያ አናቷ ላይ የተቆረጠች ነበረች። ስለዚህ ስለ ባሕር ስናወራ ወይ እንደ ተረት ነው፣ ወይ እንደ ቂም ነው። እንደ ሥራ ስናወራበት አይታይም።

በዚህ ጽሑፍ ግን አንድ ደረቅ ጥያቄ እናነሳለን። ለመሆኑ ባሕር ኃይል ምንድን ነው? ከምን ከምን ይሠራል? ሰዎቹ ጠዋት ተነስተው ምን ሲሠሩ ይውላሉ? መልሱን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ከ1955 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ለ41 ዓመት ያህል፣ የራሷ ባሕር ኃይል ነበራት። እንዴት እንደተቋቋመ፣ እንዴት ይሠራ እንደነበረና እንዴት እንደሞተ ከተከታተልን፣ የምናገኘው ትምህርት ዛሬ ከምንሰማው ጩኸት የተለየ ነው።

ሐሳባችንን ከወዲሁ እናስቀምጠው። መርከብ የባሕር ኃይል የመጨረሻው ክፍል እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ከመርከቡ በፊት ትምህርት ቤት አለ፣ መጠገኛ አለ፣ ነዳጅና ውኃ ማጠራቀሚያ አለ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ወደቡ ያለበት ከተማና በከተማው የሚኖረው ሕዝብ አለ። የእኛ ባሕር ኃይል የሰጠመው በባሕር አይደለም። የሰጠመው በየብስ ነው።

(ከመቀጠላችን በፊት፦ «እ.ኤ.አ.» ብለን ካልጻፍን በቀር ዓመቶቹ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕረ ነጋሹ ደጋ ላይ

በመካከለኛው ዘመን የሰሜኑ ገዥ ማዕረጉ «ባሕረ ነጋሽ» ነበር። ስሙን የሰማ ሰው መርከብ ላይ ቆሞ ማዕበል የሚያዝ ንጉሥ ይታየዋል። ሆኖም የባሕረ ነጋሹ መቀመጫ ድባርዋ ነበር፤ ደጋው ላይ፣ ከባሕሩ ብዙ ሽቅብ። ነገሩ ምልክት ይመስላል። የኢትዮጵያ መንግሥት ባሕሩን ከደጋ ሆኖ የሚያይ መንግሥት ነበር።

ምጽዋን እ.ኤ.አ. በ1557 ኦቶማን ቱርኮች ያዟት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግብጾች ተረከቧት። በግንቦት 1876 አጼ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ጋር አድዋ ላይ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በምጽዋ በኩል የሚያልፈው የኢትዮጵያ ንግድ፣ የጦር መሣሪያን ጨምሮ፣ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ይፈቅድ ነበር። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥር 1877፣ ጣልያን ምጽዋ ላይ ወታደር አወረደች። እንግሊዝም ዝም ብላ አየች። ባሕር ኃይል የሌለው አገር የፈረመው የባሕር ውል ዕድሜው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ምጽዋ የጣልያን ከተማ ሆነች፤ ወደቧም የጦር መርከብ የሚጠገንበት ሆነ። ጣልያኖች በ1941 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲሸነፉ ግን ወደቡን እንዳለ አላስረከቡም። መርከቦቻቸውንና ተንሳፋፊ መጠገኛዎቻቸውን ሆን ብለው ወደቡ ውስጥ አሰጠሙ። አሜሪካዊው ኮማንደር ኤድዋርድ ኤልስበርግ በ1942 እ.ኤ.አ. መጥቶ፣ በዚያ ሙቀት፣ ጠላቂዎቹን ይዞ ከሥር እየጎተተ አወጣቸው። ኤርትራን እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ያስተዳደሩት እንግሊዞች ደግሞ ከወደቡ ዕቃ ብዙውን ነቅለው ሸጡ ወይም ወደ ሌላ ቦታ አጋዙ። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት በዚህ ጉዳይ አገሯን የምትከስ መጽሔት አሳትማለች።

የተባበሩት መንግሥታት በኅዳር 1943 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን እንድትዋሃድ ወሰነ፤ ፌዴሬሽኑም በመስከረም 1945 ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ጠረፍ፣ ሁለት ወደብ (ምጽዋና አሰብ) እና የዳህላክ ደሴቶችን በአንድ ጊዜ አገኘች። ያገኘችው ግን የተነቀለ ወደብና በአንድ ቀን ባሕረኛ ሊሆን የማይችል የደጋ ሠራዊት ይዛ ነበር።

ከመርከቡ በፊት ትምህርት ቤቱ

ባሕር ኃይሉ የተመሠረተው በ1955 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዋናው የጦር ሰፈሩ ምጽዋ ላይ ሆነ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ከምድር ጦርና ከአየር ኃይል ጎን ሦስተኛው ራሱን የቻለ ክንድ ሆኖ ተደራጀ። የበላይ አዛዡ እንደ ሌላው ሠራዊት ሁሉ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ከእርሳቸው ሥር መከላከያው፣ ከመከላከያው ሥር የባሕር ኃይሉ አዛዥ፣ ከእርሱ ሥር ደግሞ የየጦር ሰፈሩ፣ የመርከቦቹና የትምህርት ቤቶቹ ኃላፊዎች።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ነገር ተደርጓል፤ ልናደንቀው ይገባል። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና አሠልጣኞቻቸውን ያመጡት ከኖርዌይ ነው። ኖርዌይ በባሕር የምትኖር፣ ትንሽ፣ በአካባቢያችን የቅኝ ግዛት ታሪክ የሌላት አገር ናት። ረጅምና ድንጋያማ ጠረፍን በትናንሽ ጀልባ መጠበቅ ለእነርሱ የዕለት እንጀራቸው ነው። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝ መኮንኖችም በአማካሪነት ነበሩ። ጀልባና መርከብ የሰጠችው በአብዛኛው አሜሪካ ነበረች። አንድ አገር ላይ ብቻ ያለመንጠልጠል የጃንሆይ የቆየ ዘዴ መሆኑ ይታወቃል።

የባሕር ኃይል ኮሌጁ የተከፈተው በ1956 እ.ኤ.አ. አሥመራ ውስጥ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ከተማ የባሕር መኮንን ይሠለጥናል! የባሕረ ነጋሹ ነገር እንደገና መጣ። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ አየሩ ለትምህርት ይመቻል፣ የምጽዋ በጋ ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣ ምድጃ ነው። ዕጩ መኮንኖቹ ከአራት ዓመት በላይ ይማሩ ነበር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ የባሕር ላይ አቅጣጫ ስሌት፣ የሞተርና የመሣሪያ ትምህርት ይወስዳሉ፤ በመሀል 115 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደው ምጽዋ ላይ የተማሩትን በጨው ውኃ ይፈትኑታል። ወደ ጣልያኑ የሊቮርኖ አካዳሚና ወደ አሜሪካው አናፖሊስ ተልከው የተማሩም ነበሩ።

መኮንን ብቻውን ግን መርከብ አያንቀሳቅስም። መርከብን ቀን ከሌት የሚያንቀሳቅሰው የበታች ሹሙና ባሕረኛው ነው። ለዚህም ምጽዋ ላይ የበታች ሹሞችና የቴክኒክ ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ሞተረኛው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ራዲዮ ኦፕሬተሩ፣ መድፈኛው፣ ጠላቂው የሚወጣው ከዚያ ነው። አሰብ ላይም ሌላ የጦር ሰፈር ነበር። የመገናኛ ጣቢያ ደግሞ በዳህላክ። ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ስናጠቃልለው፦ አሥመራ ያስተምራል፣ ምጽዋ ያሰማራል፣ አሰብ ያግዛል፣ ዳህላክ ያዳምጣል። ባሕር ኃይሉ አራት እግር ነበረው፤ አራቱም የተተከሉት አንድ መሬት ላይ ነው፤ ኤርትራ ላይ።

ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

አንዲት ጀልባ ባሕር ላይ እንድትውል

የባሕር ኃይሉ የመጀመሪያ ሥራ ጠረፍ መጠበቅ ነበር። ኮንትሮባንድ መያዝ፣ ከባሕር ማዶ በጀልባ የሚገባ መሣሪያ መፈለግ፣ የጠፋ ዓሣ አጥማጅ ማዳን፣ ወደብ የሚገባና የሚወጣ መርከብን መከታተል። ለዚህ ሥራ አሜሪካ አምስት የጥበቃ ጀልባ ሰጠች። እያንዳንዳቸው 29 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ 15 ያህል ሰው ይይዛሉ።

አምስት ጀልባ ሲባል አምስቱም ባሕር ላይ የሚዞሩ ይመስለናል። አይደለም። በባሕር ኃይሎች ዘንድ የታወቀ የሦስት ለአንድ ስሌት አለ፦ አንዲት መርከብ ግዳጅ ላይ እንድትሆን አንዷ ጥገና ላይ፣ አንዷ ደግሞ በሥልጠናና በዝግጅት ላይ ትሆናለች። የጨው ውኃ ብረት ይበላል፤ ከመርከቡ ሆድ ላይ ዛጎል ይለጠፍና ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሞተር በሰዓት ተቆጥሮ ይፈታል። በዚህ ስሌት ከአምስት ጀልባ በአንድ ጊዜ ባሕር ላይ የምትገኘው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ናት።

አሁን ደግሞ ከጠረፉ ጋር እናስላው። የጥበቃ ጀልባ ነዳጅ ቆጥባ፣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትጓዝ 1,000 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ ከሁለት ቀንና ከሁለት ሌሊት በላይ ይፈጅባታል። ያውም ሳትቆም፣ አንድም ጀልባ ሳትፈትሽ፣ ዳህላክ አካባቢ ባለው ኮራል እንዳትላተም ሳትጠነቀቅ። ከ120 በላይ ደሴቶች አሉ፤ በመሀላቸው ያለው ውኃ ብዙ ቦታ ላይ ጥልቀት የለውም።

ጀልባዋ ውስጥ ያለው ሰውስ? ባሕር ላይ ቀኑ በፈረቃ ይቆረሳል። የተለመደው የአራት ሰዓት ፈረቃ ነው። 15 ሰው ለሦስት ፈረቃ ሲካፈል አምስት አምስት ይደርሳል፦ አንድ መሪ የያዘ፣ አንድ አሻግሮ የሚያይ፣ አንድ ሞተር ክፍል፣ አንድ ራዲዮ ላይ፣ አንድ ደግሞ የሚያዝ። አራት ሰዓት ሠርቶ ስምንት ሰዓት ያርፋል ይባላል፤ እረፍቱ ግን ስም ነው። በዚያ ስምንት ሰዓት ይበላል፣ ይተኛል፣ ያጥባል፣ ዝገት ይፍቃል፣ ቀለም ይቀባል። አንድ ሰው ከታመመ የሌላው ፈረቃ ይረዝማል። ለዚህ ነው ባሕረኛ ከአንድ በላይ ሙያ የሚማረው። ለዚህም ነው የባሕር ኃይል ሰው በአንድ ክረምት የማይፈጠረው። ጥሩ የበታች ሹም ለማፍራት አሥር ዓመት ቢወስድ አይገርምም፤ መርከብ ግን በፊርማ ይገኛል።

ወደብ ላይ ደግሞ ለእነዚህ 15 ሰዎች ሲባል ብዙ እጥፍ ሰው ይሠራል። ነዳጅ ቀጂ፣ መካኒክ፣ በያጅ፣ መጋዘን ጠባቂ፣ ወጥ ቤት፣ ሐኪም፣ ደመወዝ ከፋይ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የከተማው ልጆች ናቸው። ወደብ ያለ ከተማው ሕዝብ አንድ ቀን አያድርም።

«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

በጥር 1954 የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ መጣች። የቀድሞ ስሟ «ኦርካ» ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታግዝ የሠሯት፣ በፊሊፒንስ ውጊያ የተሳተፈች፣ 95 ሜትር ያህል የምትረዝም መርከብ ናት። እኛ ጋ ስትደርስ ስሟ «ኢትዮጵያ» ተባለ፤ የባሕር ኃይሉ አውራ መርከብና የዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች።

ምጽዋ ላይ በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ይከበር ነበር። ጃንሆይ ይወርዳሉ፣ ተመራቂዎች ይሸለማሉ፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት መርከቦች በአንድ ወደብ ተሰልፈው ሰላምታ ይሰጣሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት መሀል እነዚህን ባላንጣዎች ጎን ለጎን ማቆም ቀላል ዲፕሎማሲ አልነበረም። ያኔ ለነበረች ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሉ ጠረፍ ጠባቂ ብቻ ሳይሆን የክብር ልብሷም ነበር።

አዛዡ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ፣ አባታቸው ጣልያን በ1929 የገደላቸው ራስ ደስታ ዳምጠው። ትምህርታቸውን የተከታተሉት እንግሊዝ ነው። ስለ ብቃታቸው የሚያከራክር ሊኖር ይችላል፤ ግን ጥያቄው ከሰውየው በላይ ነው። ተቋሙ ከቤተ መንግሥቱ ጋር በሥጋ ተሰፍቶ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ሲወድቅ ስፌቱ አብሮ መቀደዱ አይቀርም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ሲረሽን አድሚራሉም ከመሀላቸው ነበሩ።

መሬቱ ሲከዳ

አሁን ያዙልን ወዳልነው ነጥብ እንመለስ። አራቱም እግር ኤርትራ ላይ ነው ብለናል። ታዲያ ያ መሬት ምን እየሆነ ነበር?

በ1953 መጨረሻ ላይ የኤርትራ የትጥቅ ትግል ተጀመረ። በኅዳር 1955 የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈርሶ ግዛቷ አንድ ጠቅላይ ግዛት ሆነች። አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ባሕሩን ለዘለዓለም ያገኙት መሰላቸው። እኛ ግን ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ባሕሩ መሄድ የጀመረው ያን ቀን ነው። የሕዝብ ፈቃድ ሲቀር ወደብ የጦር ሰፈር ብቻ ይሆናል፤ የጦር ሰፈር ደግሞ ይከበባል።

መከበቡም አልቀረም። በታኅሣሥ 1970 ሻዕቢያ ምጽዋን አጠቃ። ተዋጊዎቹ የጨው ሜዳውን አቋርጠው የባሕር ኃይሉን ሰፈር ለመያዝ ሞከሩ፤ በመድፍና በመርከብ ተኩስ ብዙ መቶ ሰው አልቆባቸው ተመለሱ። ቦታው «ሳሊና» ይባላል፤ ኤርትራውያን ዛሬም ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ይቀንሳል። በዚያ ሜዳ የወደቁትም፣ ከሰፈሩ ውስጥ የተኮሱትም ወጣቶች ነበሩ፤ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች እኩያ። ከዚህም በላይ የሚያመው ደግሞ በባሕር ኃይሉ ውስጥ ኤርትራውያን መኮንኖችና ባሕረኞች ማገልገላቸው ነው።

በዚሁ ወቅት ሌላ ነገርም ተገለበጠ። ደርግ በ1977 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ጋር ተጣልቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ። ይህ ለምድር ጦር ጠመንጃ እንደመቀየር ሊሆን ይችላል፤ ለባሕር ኃይል ግን ቤት ማፍረስ ነው። የመለዋወጫው መጠን ይለወጣል፣ የሞተሩ መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ይዞራል፣ መጋዘኑ በአዲስ ዕቃ ይሞላል፣ በኖርዌይ ሥርዓት የተማረው ሰው ሶቪየት ሄዶ እንደገና ይማራል። ሶቪየቶች ራሳቸው ዳህላክ ውስጥ ኖክራ ደሴት ላይ የራሳቸውን የመርከብ ማረፊያና መጠገኛ አቋቋሙ። ኖክራ በጣልያን ጊዜ እስረኛ የሚታጎርባት የሥቃይ ደሴት ነበረች።

መርከብ ግን ጎረፈ። አራት አራት ሚሳይል የሚሸከሙ «ኦሳ» የተባሉ ፈጣን ጀልባዎች፣ የቶርፔዶ ጀልባዎች፣ ታንክ የሚያወርዱ መርከቦች መጡ። በ1983 እና በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት «ፔትያ» የተባሉ ፍሪጌቶች ተጨመሩ። ኢትዮጵያ በታሪኳ እንደዚያ ዘመን ብዙ የጦር መርከብ ኖሯት አያውቅም። «ፔትያ» የተሠራችው ለምን እንደሆነ እንንገራችሁ፦ ሰርጓጅ መርከብ ለማደን ነው። ጠላት የተባለው ወገን ሰርጓጅ መርከብ አልነበረውም። የነበረው ምሽግ፣ ግመል፣ የተማረከ ታንክና ትናንሽ ፈጣን ጀልባ ነው።

ይህ ነው የታሪኩ እንቆቅልሽ። ባሕር ኃይሉ በመርከብ ቁጥር ጫፍ ላይ የደረሰው ከእግሩ ሥር ያለው መሬት እየጠበበ በሄደበት ዘመን ነው።

በየካቲት 1982 መጀመሪያ ሻዕቢያ «ፈንቅል» ብሎ የሰየመውን ዘመቻ ከፈተ። በየብስ ከአሥመራ የሚመጣውን መንገድ ቆረጠ፤ በባሕር ደግሞ በትናንሽ ፈጣን ጀልባዎቹ የባሕር ኃይሉን መርከቦች መታ። በቀናት ውስጥ ምጽዋና የባሕር ኃይሉ ሰፈር ወደቁ። ሚሳይል የተጫኑት ጀልባዎች ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ሚሳይሉ የተሠራው መርከብ ለመምታት እንጂ የራስን ሰፈር ከኋላ በር የሚገባን እግረኛ ለማስቆም አይደለም። ከዚያ በኋላ መንግሥት ከተማዋን በአየር ደበደበ፤ ሲቪል ሰው አለቀ፣ የእርዳታ እህል ያለበት መጋዘን ነደደ። ከ35 ዓመት በላይ «የእኛ» ስንላት የኖርንባትን ወደብ የተሰናበትናት በቦምብ ነው። ይህን ሳያነሱ ስለ ወደብ ናፍቆት መጻፍ ግማሽ ታሪክ መጻፍ ነው።

መርከብ አለ፣ ወደብ የለም

የተረፈው ወደ አሰብና ዳህላክ ተገፋ። በግንቦት 1983 ሁሉም ነገር በአንድ ሳምንት ውስጥ አለቀ፦ ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለማርያም ከአገር ወጡ፣ ግንቦት 16 አሥመራ ተያዘች፣ ወዲያው አሰብ፣ ግንቦት 20 አዲስ አበባ። ከአሰብ ያመለጡ ቢያንስ 14 መርከቦች ባሕሩን ተሻግረው የመን ደረሱ፤ ወደ ሳዑዲ ያመሩም ነበሩ። «ኢትዮጵያ»ም የመን ገባች።

እንግዲህ አስቡት። የምታገለግለው መንግሥት የለም፣ የምትመለስበት ወደብ የለም፣ መርከቧ ግን አለች። ባሕረኞቹና ከነቤተሰባቸው የተሻገሩት የመን ውስጥ ስደተኛ ሆኑ። ጥቂቶቹ ወደ አገር ተመለሱ፣ ሌሎቹ ወደ ሌላ አገር አለፉ፣ ሰንዓና ኤደን ውስጥ እዚያው ልጅ ወልደው ለዓመታት የኖሩም ብዙ ናቸው። የመን ራሷ በእርስ በርስ ጦርነት ስትነድ እነዚህ ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ ጦርነት ደረሰባቸው። ስለ ቀይ ባሕር ስንጮህ ስማቸውን የሚያነሳ ሰው ብዙ ሰምተን አናውቅም።

በሚያዝያ 1985 ኤርትራውያን በሕዝበ ውሳኔ ነፃነታቸውን መረጡ፤ ኢትዮጵያ ጠረፍ አልባ ሆነች። የሚገርመው ግን ባሕር ኃይሉ በወረቀት ላይ አልሞተም። አዲስ አበባ ላይ ጽሕፈት ቤት ነበረው፤ መርከቦቹም የመን ወደብ ላይ ነበሩ። የመን በ1993 እ.ኤ.አ. «ውጡልኝ» አለች። «ኢትዮጵያ» በዚያው ዓመት ለብረት ተሸጠች፤ የአገሪቱን ስም የያዘችው መርከብ መጨረሻዋ ይህ ሆነ። መንቀሳቀስ የሚችሉት ጅቡቲ ገቡ። እዚያም የወደብ ኪራይ ተጠራቀመባቸው። በመስከረም 1989 ጅቡቲ መርከቦቹን ይዛ ለዕዳው ማካካሻ በጨረታ አወጣቻቸው። አራቱን ኤርትራ ገዛች፤ የቀሩት ወደ ብረት መሸጫ ሄዱ። ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ።

ወደብ አልባነት ግን ሁሉንም እኩል አልገደለም። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ወደብ ካጣን በኋላም ሥራውን ቀጥሏል። የንግድ መርከብ በገንዘብና በውል በማንም ወደብ ይቆማል፤ የጦር መርከብ ግን የሚቆመው የሚያምነው ሰው ዘንድ ብቻ ነው።

ሰርገኛ መጣ…

በ2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ባሕር ኃይል እንደገና እንደሚቋቋም ተናገሩ። በመጋቢት 2011 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ መጥተው የወታደራዊ ትብብር ስምምነት ሲፈረም የባሕር ኃይሉ ጉዳይ አንዱ ክፍል ነበር። የመከላከያ ሠራዊት አዋጁም ተሻሽሎ ባሕር ኃይል ከሠራዊቱ ክፍሎች አንዱ ሆኖ ገባ። የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ ፈረንሳይ በነሐሴ 2013 ትብብሩን አቋረጠች። በታኅሣሥ 2016 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሞቃዲሾ ተቆጣች። ከዓመት በኋላ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ሌላ ስምምነት ተደረገ፤ የባሕር በሩ ነገር በሶማሊያ ሉዓላዊነት ሥር እንዲታይ ተባለ።

«ጠረፍ የሌለው አገር ባሕር ኃይል ምን ያደርግለታል?» ብሎ መሳቅ ይቻላል። እኛ አንስቅም። ቦሊቪያ ጠረፏን በ1879 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ጦርነት ለቺሊ አጥታለች፤ እስከ ዛሬ ግን ቲቲካካ ሐይቅና ወንዞቿ ላይ የሚሠራ ባሕር ኃይል አላት። ሰው ማሠልጠን፣ ሙያውን እንዳይጠፋ መያዝ ሞኝነት አይደለም። ባሕር ዳር ላይ የተከፈተው የባሕር ሙያ ማሠልጠኛ ብዙ ወጣቶቻችንን አስተምሮ በዓለም የንግድ መርከቦች ላይ አሳፍሯል። ትምህርት ቤቱ ከመርከቡ ይቀድማል ያልነው ይህን ነው።

የምንፈራው ሌላ ነገር ነው። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዲሉ፣ ክርክሩ ሁሉ ስለ መርከብና ስለ ቁጥር ሲሆን እንፈራለን። ደርግ ሁለት ፍሪጌትና ስምንት የሚሳይል ጀልባ ነበረው፤ የወደቀው ግን የምጽዋ ሕዝብ ከእርሱ ጋር ስላልነበረ ነው። ስለዚህ ሰው ፊት ለፊታችን መጥቶ ስለ ባሕር ኃይል ሲያወራ ከእንግዲህ ስንት መርከብ ነው ብለን አንጠይቅም። አራት ነገር እንጠይቃለን። የሚቆመው በማን ወደብ ነው፣ የወደቡስ ባለቤት በፈቃዱ ሰጥቷል ወይ? የሚጠግነው ማን ነው? ባሕረኛውን የሚያስተምረው ማን ነው፣ ለስንት ዓመት? አራተኛው ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፦ አንድ ቀን ነገር ቢበላሽ፣ ባሕር ላይ የቀረውን ሰው ወደ ቤቱ የሚመልሰው ማን ነው?

የቀድሞዎቹ ባሕረኞች የመጨረሻውን ጥያቄ የጠየቀላቸው አልነበረም። የመን ወደብ ላይ ቆመው ወደ ምዕራብ ሲያዩ የሚታያቸው ባሕር ሙሉ ነበር፤ የጎደላቸው መሬት ነው።